ሥራና ሠራተኛን ማገናኘት በድንበር ምድር፦ የምሥራቅ ቤልጂየም የሥራ ስምሪት አገልግሎት ታሪክ



የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ መንግሥት ስንጽፍ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በቤተ መንግሥት፣ በጦር ሜዳና በፓርላማ ላይ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ወረፋ ይዞ የሚቆምበት መስኮት ግን ከእነዚህ ባልተናነሰ ሁኔታ መንግሥትና ዜጋ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የመረጥሁት ስለዚያ መስኮት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ስፍራው በቤልጂየም ምሥራቃዊ ጫፍ የሚገኘው የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ምድር ነው። ስፋቱ 850 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቡም 80,000 ያህል ነው። ዘጠኝ ማዘጋጃ ቤቶች አሉት፤ በሰሜን ኦይፐን፣ ኬልሚስ፣ ሎንትሰንና ራረን፣ በደቡብ ደግሞ ዛንክት ፊት፣ አሜል፣ ቡሊንገን፣ ቡትገንባህና ቡርግ-ሮይላንድ ናቸው። በሁለቱ መካከል ሆኸስ ፌን የተባለው ረግረጋማ ደጋ ተጋድሟል። ሰሜኑ ወደ ጀርመኗ አኽንና ወደ ሊዬዥ፣ ደቡቡ ደግሞ ወደ ሉክሰምበርግ ያዘነብላል። ይህች ትንሽ ምድር ዛሬ የራሷ ፓርላማ፣ የራሷ መንግሥትና የራሷ የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት አላት። መሥሪያ ቤቱ በጀርመንኛ አርባይትስአምት ይባላል፤ ቃሉ «የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት» ማለት ነው።

የአንድ አነስተኛ ከተማ ያህል ሕዝብ ላለው ምድር የተለየ የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ለምን አስፈለገ? ቅልጥፍናን ብቻ የሚመለከት ሰው ብክነት ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን ታሪኩን ስመረምር ሦስት ጥያቄዎች ይመጡብኛል። መስኮቱ የሚናገረው በማን ቋንቋ ነው? ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ዓይን እስከየት ያያል? ያስ ሰው ረዳት ነው ወይስ ጠባቂ? የንግግሬም አካሄድ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይከተላል።

ከመነሻው ልጀምር። አካባቢው ከ1815ቱ የቪየና ጉባኤ ጀምሮ በፕሩሲያ ግዛት ሥር ነበር። ኦይፐን በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ትታወቅ ነበር። ኬልሚስ ደግሞ በዚንክ ማዕድኗ ምክንያት ነገሥታቱ ሊስማሙባት ስላልቻሉ ከ1816 ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል ገለልተኛ ሞረስኔ የምትባል ባለቤቷ ያልለየ ምድር ሆና ኖራለች። ማዕድኑ ከሆላንድም፣ ከፕሩሲያም፣ ከቤልጂየምም ሠራተኛ ይስብ ነበር። በደቡቡ የነበረው ኑሮ የእርሻና የደን ኑሮ ነው። በ1880ዎቹ የተዘረጋው የፌን የባቡር መስመር አኽንን ከዛንክት ፊትና ከሉክሰምበርግ ጋር ሲያገናኝ የገበሬው ልጅ ወደ ፋብሪካ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ። በዚያ ዘመን ሠራተኛን ከሥራ የሚያገናኘው መንግሥት አልነበረም፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የደብሩ ቄስና የፋብሪካው አለቃ ነበሩ። ድንበር ተሻግሮ መሥራት እንግዲህ የአውሮፓ ኅብረት የፈጠረው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለዚህ ሕዝብ የቆየ ልማድ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ስብራት የመጣው በቬርሳይ ውል ነው። ውሉ በጥር 1920 ሲጸና ኦይፐንና ማልሜዲ ወደ ቤልጂየም ተዛወሩ። ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ ተብሎ መዝገብ ተከፈተ፤ ሆኖም ተቃውሞ ያለው ሰው በባለሥልጣናት ፊት ቀርቦ ስሙን እንዲያስመዘግብ ይጠበቅበት ነበር። ድምፅ የመስጠት መብት ከነበራቸው ከ33,000 በላይ ሰዎች ስማቸውን ያስመዘገቡት 271 ብቻ ናቸው። በመንግሥት መስኮት ፊት ስምን ማስመዝገብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ይህ ሕዝብ ገና ከጅምሩ የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ዝውውሩ የሉዓላዊነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 ባወጣው ሁለተኛው ስምምነት ነጻ፣ ማለትም ክፍያ የማይጠየቅባቸው፣ የሕዝብ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮዎች እንዲቋቋሙ ጠየቀ። ጀርመንና ቤልጂየም ግን ወደዚያ ያመሩት በተለያየ ጎዳና ነው። ጀርመን በ1922 የሥራ ማገናኘትን የሚደነግግ ሕግ አወጣች፤ በ1927 ደግሞ ሥራ ማገናኘትንና የሥራ አጥነት መድንን በአንድ ብሔራዊ ተቋም ሥር አጠቃለለች። በቤልጂየም የነበረው ልማድ ሌላ ነው። የጌንት ከተማ በ1901 የሠራተኛ ማኅበራት ለሥራ አጥ አባሎቻቸው በሚሰጡት አበል ላይ ድጎማ የሚጨምር ፈንድ አቋቋመች፤ ይህም አሠራር በሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። ስለዚህ የጀርመኑ ሥርዓት ተሟልቶ ሲቆም ኦይፐን ከጀርመን ከወጣች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ በገባችበትም አገር ሥራ አጡ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የመንግሥትን ሳይሆን የማኅበሩን በር ነበር። የቤልጂየም መንግሥት የሥራ ማገናኛና የሥራ አጥነት ብሔራዊ ጽሕፈት ቤቱን ያቋቋመው በ1935፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ቃሉን ራሱን አጎደፈው። በግንቦት 1940 ሂትለር ኦይፐንንና ማልሜዲን ከራይኽ ጋር ቀላቀላቸው። የተመለሰው የጀርመን የሥራ ስምሪት ሥርዓት ግን የ1927ቱ ሥርዓት አልነበረም። ከ1935 ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ደብተር እንዲይዝ በሕግ ተገድዶ ነበር፤ በ1938 በወጣው ድንጋጌም መንግሥት ሰውን ከመረጠው ሥራ አንሥቶ ወደፈለገው ሥራ የመመደብ ሥልጣን አገኘ። ሥራ ይፈልግ የነበረው መሥሪያ ቤት ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሆነ። ከተቀረችው ቤልጂየምም ከጥቅምት 1942 ጀምሮ ሠራተኞች በግዴታ ወደ ጀርመን ይጋዙ ጀመር። የኦይፐንና የማልሜዲ ወጣቶች ደግሞ በሺዎች እየተመለመሉ ለጀርመን ጦር ተሰለፉ። አርባይትስአምት የሚለው ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ የተስፋም የሥጋትም ስም ሆነ ብል ማጋነን አይሆንም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዛንክት ፊት በ1944 የገና ሰሞን በወረደባት የቦምብ ድብደባ ፍርስራሽ ሆና ነበር። ምድሪቱ ወደ ቤልጂየም ተመለሰች። ቤልጂየምም በታኅሣሥ 28 ቀን 1944 በወጣው ድንጋጌ የሥራ አጥነት መድንን ለደመወዝተኛው ሁሉ ግዴታ አደረገች። መብቱ ለኦይፐን ሠራተኛም እንደ ጌንት ሠራተኛ እኩል የተሰጠ ነበር፤ ነገር ግን ጀርመንኛ የተሸናፊው ጠላት ቋንቋ ሆኖ ስለተቆጠረ አስተዳደሩና ከፍ ያለው ትምህርት በፈረንሳይኛ ይከናወን ጀመር። ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ የምደርሰው እዚህ ላይ ነው።

የቋንቋ ጉዳይ የስሜት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በሥራ አጥ መስኮት ፊት ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ለምን እንደለቀቀ ማስረዳት አለበት፤ አገላለጹ «በራሱ ፈቃድ ለቀቀ» ወደሚል ትርጉም ካዘነበለ አበሉን ሊያጣ ይችላል። የቀረበለት ሥራ ለምን እንደማይስማማው መናገር አለበት፤ ክርክሩ በደንብ ካልተሰማለት እምቢተኛ ተብሎ ይጻፍበታል። የሙያው ስም በትክክል ካልተመዘገበ የሚጠቆመው ሥራ ሁሉ የማይገጥመው ይሆናል። በጀርመንኛ ዓለም በተለማማጅነት ከባለሙያ ሥር የሠለጠነ አናጺ የያዘው የምስክር ወረቀት የሚመዘንበት ሚዛን፣ በፈረንሳይኛው የትምህርት ሥርዓት ካለው ሚዛን ይለያል። መብት በወረቀት እኩል ሆኖ በመስኮቱ ላይ እኩል ላይሆን የሚችለው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

ለውጡ የመጣው በዝግታ ነው። በ1963 የወጣው የቋንቋ ሕግ የጀርመንኛን አካባቢ ወሰን ለየ፤ ዜጋው ከአስተዳደሩ ጋር በቋንቋው የመነጋገር መብትም ሕጋዊ መሠረት አገኘ። በ1970 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሪቱን በአራት የቋንቋ አካባቢዎች ከፈለ፤ በ1973 የጀርመንኛ ባህል ማኅበረሰብ ምክር ቤት ተሰበሰበ፤ በ1984ም ማኅበረሰቡ የራሱ መንግሥት ኖረው። ይሁን እንጂ የቤልጂየም ፌዴራሊዝም ሥልጣንን በሁለት ዐይነት አካላት ያከፋፍላል። ማኅበረሰቦች የተመሠረቱት በቋንቋ ሲሆን ትምህርትን፣ ባህልንና የሙያ ሥልጠናን ይይዛሉ። ክልሎች የተመሠረቱት በመሬት ሲሆን ኢኮኖሚንና ሥራ ማገናኘትን ይይዛሉ። ጀርመንኛ ተናጋሪው ምድር ደግሞ በክልል ረገድ የዋሎንያ አካል ነው። በ1989 ብሔራዊው ጽሕፈት ቤት ሥራ የማገናኘት ተግባሩን ለክልሎች ሲያስረክብ በዋሎንያ ፎሬም የተባለው ተቋም ተረከበው። ለአንድ የኦይፐን ሥራ አጥ አበሉ ከፌዴራል መንግሥት፣ የሥራ ጥቆማው ከዋሎንያ ክልል፣ ሥልጠናው ከጀርመንኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ የሚመነጭ ሆነ። አንድ ሰው፣ ሦስት መንግሥት።

መፍትሔው የተገኘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 139 ነው። አንቀጹ የዋሎንያ ክልል የሥልጣኑን አንዳንድ ክፍሎች ለጀርመንኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ በስምምነት እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። በግንቦት 1999 ሁለቱ ፓርላማዎች ተመሳሳይ አዋጅ አጸደቁ። የአዋጁን ርእስ የሚያነብ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ በአንድ ሰነድ የተላለፉት ሁለት ጉዳዮች የሥራ ስምሪትና የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ናቸውና። ዝውውሩ በጥር 2000 ተፈጸመ፤ በጥር 17 ቀን 2000 በወጣው አዋጅም አርባይትስአምት ተቋቋመ። ቢሮዎቹ በኦይፐንና በዛንክት ፊት ተከፈቱ፤ ከሆኸስ ፌን ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ መሆኑ ነው። በአስተዳደር ቦርዱ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች ይቀመጣሉ። ማስታወስ የሚገባን አንድ ነገር አለ፦ ጀርመን ራሷ በ2004 መሥሪያ ቤቶቿን «የሥራ ኤጀንሲ» ብላ ስማቸውን ስትለውጥ ምሥራቅ ቤልጂየም አሮጌውን ስም ይዛ ቀረች። ስሙን ከ1940ዎቹ ጥላ ያላቀቀው ሌላ ስም ሳይሆን ሌላ አሠራር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሻገር፤ የመስኮቱ ዓይን እስከየት ያያል? ትልቅ አገር የራሱን የሥራ ገበያ በራሱ ወሰን ውስጥ ሊያየው ይችላል። ምሥራቅ ቤልጂየም ግን ሥራዋ ከወሰኗ ውጭ ያለባት ምድር ናት። ከደቡቡ መንደሮች ብዙ ሰው ማለዳ ወደ ሉክሰምበርግ ይነዳል፤ ከሰሜኑ ወደ አኽን፣ ወደ ቬርቪዬና ወደ ሊዬዥ ይሄዳል። ሕጉም ይህን ያውቃል። በአውሮፓ ኅብረት የማኅበራዊ ዋስትና ደንብ መሠረት ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሲያጣ አበል የሚቀበለውም፣ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የሚመዘገበውም በሚኖርበት አገር ነው። በሉክሰምበርግ ሕንጻ ሲገነባ የኖረ የዛንክት ፊት ግንበኛ ሥራው ሲቋረጥ የሠራበትን ዘመን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከዚያ ያመጣል፤ አበሉን ቤልጂየም ትከፍለዋለች፤ ሥራ የሚያፈላልግለት ደግሞ አርባይትስአምት ነው። ስለዚህ የአማካሪው ሙያ የሦስት አገር የሠራተኛ ሕግ፣ የደመወዝ ልማድና የምስክር ወረቀት ማወቅን ይጠይቃል።

ይህ ሁኔታ ትንሹን መሥሪያ ቤት ለአጣብቂኝ ይዳርገዋል። ሰውን በማኅበረሰቡ ገንዘብ አሠልጥኖ ለተሻለ ደመወዝ ወደ ሉክሰምበርግ ሲሸኘው ለሰውዬው በጎ ሠርቷል፤ የቡሊንገን የእንጨት ሥራ ባለቤት ግን ሠራተኛ አጥቶ ያማርራል። መሥሪያ ቤቱ የማን አገልጋይ ነው? የሥራ ፈላጊው ወይስ የአካባቢው ኢኮኖሚ? ከ1919ኙ ስምምነት አንሥቶ በአስተዳደር ውስጥ አሠሪም ሠራተኛም እንዲቀመጡ የተፈለገው ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ስለሌለው ይመስለኛል። መልስ የሌለው ጥያቄ በየጊዜው የሚመከርበት ጠረጴዛ ያስፈልገዋል።

ትንሽነት የሚያሳየውና የሚጋርደው ነገር አለ። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ቢዘጋ በዋሎንያ አኃዝ ላይ ብዙም አይታይም፤ በዘጠኙ ማዘጋጃ ቤቶች ግን ድንጋጤ ነው። በ1989 እና በ2000 መካከል የዚህ ምድር ሥራ አጥነት በዋሎንያ አማካይ ውስጥ ተውጦ ይታይ ነበር። የአካባቢው የሥራ አጥነት መጠን ከዋሎንያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ችግሩ ከሥራ እጥረት ይልቅ ሰውን ከክፍት ቦታ ጋር አለማጣጣም ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ያሻል። የተለየ መሥሪያ ቤት ማለት የተለየ መዝገብ፣ የተለየም ዕውቀት ማለት ነው። በሌላ በኩል ሁሉም በሚተዋወቅበት ምድር አማካሪው የሥራ አጡን ወንድም፣ የቀድሞ አሠሪውንና የትዳር ታሪኩን ጭምር ሊያውቅ ይችላል። ይህ ዕውቀት በር የሚከፍተውን ያህል ስም ሊያጠለሽም ይችላል። በትልቅ ከተማ ሰው ቁጥር በመሆኑ ያማርራል፤ በትንሽ ስፍራ ቁጥር መሆን አለመቻሉ ሸክም ይሆንበታል።

ይህ ወደ ሦስተኛውና ከባዱ ጥያቄ ያደርሰኛል፤ ረዳት ወይስ ጠባቂ? አርባይትስአምት ሲቋቋም አበል የመስጠትም የመከልከልም ሥልጣን አልነበረውም። የአበሉ ሕግ የፌዴራል ነው፤ ክፍያውም እስከ ዛሬ በሠራተኛ ማኅበራት በኩል ወይም በአንድ የመንግሥት ከፋይ መሥሪያ ቤት በኩል ይፈጸማል፤ የጌንት ውርስ አልጠፋም። ከ2004 ጀምሮ ሥራ አጡ በቂ ሥራ መፈለጉን እየጠራ የሚመረምረው የፌዴራሉ ጽሕፈት ቤት ነበር። ለአማካሪው ይህ ክፍፍል ተመችቶት ነበር፤ ቅጣት የሚመጣው ከሌላ ቤት ስለነበር ሥራ ፈላጊው ድካሙንና ሥጋቱን ያለ ፍርሃት ሊገልጽለት ይችል ነበርና።

በ2014 የጸደቀው ስድስተኛው የመንግሥት ተሐድሶ ይህን ግድግዳ አፈረሰው። ሥራ አጡ ለሥራ ዝግጁ መሆኑን የመቆጣጠር ሥልጣን ወደ ክልሎች ተላለፈ፤ በጀርመንኛ ተናጋሪው ምድርም ከ2016 ጀምሮ በአርባይትስአምት እጅ ገባ። የአበሉ ደንብ ግን በብራስልስ ቀረ። ትንሹ መሥሪያ ቤት ራሱ ባላወጣው ሕግ ጎረቤቱን የሚዳኝ ሆነ። የምክሩን ክፍል ከቁጥጥሩ ክፍል መለየት ይቻላል፤ በሕዝቡ ዓይን ግን ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በ2025 ደግሞ የፌዴራል ፓርላማው አበሉ የሚቆይበትን ጊዜ ቢበዛ ወደ ሁለት ዓመት ያህል የሚያጥር ሕግ አጸደቀ። ከአበል የሚወጣው ሰው የሚያንኳኳው በር የማዘጋጃ ቤቱን የማኅበራዊ ድጋፍ ማዕከል ነው። ውሳኔው ከላይ፣ ሸክሙ ከታች፣ አማካሪው በመካከል።

አንዳንድ ምሁራን ቁጥጥር ከእርዳታ አይለይም፣ ገደብ የሌለው እርዳታ ሰውን ያስቀምጣል ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አበሉ ከሠራተኛው መዋጮ የሚወጣ በመሆኑ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል። የዚህ ምድር ታሪክ ግን አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። በ1920 ስሙን ለማስመዝገብ የፈራው፣ በ1940 በሥራ ደብተር የተመደበው ሕዝብ ከሰዎች ጋር አልሞተም፤ ልማዱ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የሥራ ስምሪት አገልግሎት ዋነኛ ሀብቱ የክፍት ቦታዎች ዝርዝር አይደለም፤ ያንንማ ዛሬ ማንም ሰው በስልኩ ያገኘዋል። ዋነኛ ሀብቱ ሰው ያለበትን እውነተኛ ሁኔታ እንዲነግረው መታመኑ ነው። ያመመው ማመሙን፣ ማንበብ የቸገረው መቸገሩን፣ የሚንከባከባት እናት ያለችው መኖሯን ካልተናገረ ማንኛውም ጥቆማ በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ለ80,000 ያህል ሕዝብ የተለየ መሥሪያ ቤት ብክነት ነውን? ፎርም ማተምንና የኮምፒውተር ሥርዓትን ብቻ ካሰብን፣ አዎን፣ ከትልቁ ጋር መጠቃለሉ ይረክሳል። ነገር ግን መብት በቋንቋ ካልተነገረ መብት እንዳይደለ፣ የሥራ ገበያ የአገር ካርታን እንደማይከተል፣ መታመንም በቅርበት እንጂ በአዋጅ እንደማይገኝ ካሰብን ሒሳቡ ይለወጣል። እኔ የማደላው ለሁለተኛው ሒሳብ ነው። ይህን ስል ትንሽነትን በራሱ ማወደሴ አይደለም፤ ቅርብ የሆነ መንግሥት ቅርብ ጠባቂም ሊሆን እንደሚችል አይተናል። ክብደቱ ያለው መሥሪያ ቤቱ በሚቆጥራቸው ሥራ ያገኙ ሰዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ሥራ ባጣበት ቀን በየትኛው ቋንቋና በምን ዐይነት ፊት እንደተቀበለው ላይ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምተወው አደራ ከዚህ ይነሣል። የሥራ ስምሪት ቢሮ መዝገብ በእጃችሁ ሲገባ መጨረሻ ላይ ያለውን ድምር ብቻ ገልብጣችሁ አትሂዱ። ቅጹ በየትኛው ቋንቋ እንደታተመ፣ ሙያው ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ የቅጣቱን ፊርማ የፈረመው የትኛው የመንግሥት እርከን እንደሆነ መርምሩ። የፌዴራል ሥርዓትን ከሕገ መንግሥት አንቀጾች የተማርነውን ያህል ከእንዲህ ዐይነቱ ወረቀት ልንማረው እንችላለን።